ቁጭ ብሎ ለሚተኛ ሰው የሚሆን ራስጌ

በጡረታ በተሰናበትኩበት ደብዳቤ ላይ የመጨረሻ የሥራ መደቤ «የንብረት አስተዳደር ቡድን መሪ» ተብሎ ተጽፏል። ደብዳቤው ስሕተት የለበትም። ሆኖም ከሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ የበዛውን ያሳለፍኩት በጠረጴዛና በወንበር ላይ መለያ ቁጥር በመለጠፍ አይደለም፤ ወንበር በማልበስ ነው። ካዛንቺስ በነበረው መሥሪያ ቤታችን ግቢ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ረዥም ክፍል ነበረች። በሯ ላይ «ጠቅላላ አገልግሎት፣ የዕቃ ጥገና» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። የኃላፊዎች ወንበር፣ የመሰብሰቢያ አዳራሹ መቀመጫ፣ የእንግዳ መቀበያው ሶፋ፣ በመንግሥት ቤት ለሚኖሩ ባለሥልጣናት የሚሠራው የአልጋ ራስጌ፣ ሁሉም በዚያች ክፍል አልፏል። ራስጌ የምለው በአልጋው ራስ በኩል የሚቆመውን፣ ስፖንጅና ጨርቅ የለበሰውን መደገፊያ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያስነሣኝ ከጡረታ በኋላ በቤቴ የሠራሁት አንድ ራስጌ ነው። የሠራሁት ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ነበር። ስለ እርሱ በትክክል ለመናገር ግን ሙያውን ካስተማረኝ ሰው መጀመርና ሙያውን ባዋረድኩበት ቀን በኩል ማለፍ ግድ ይለኛል።

ያስተማሩኝ አቶ ኪዳኔ ይባላሉ። የአዲግራት ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ከእኛ ከአዲስ አበባ ልጆች የጠራ ነበር፤ ሲቆጥሩ ብቻ ወደ ትግርኛ ይመለሱ ነበር። በሶፋው ጠርዝ ላይ የመቱትን ሚስማር በጣታቸው እየነኩ «ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ» እያሉ ሲያንሾካሹኩ እሰማቸው ነበር። ግራጫው ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ጥቃቅኑን ሚስማር በአፋቸው ይዘው አንድ በአንድ በምላሳቸው ጫፍ ወደ መዶሻው ስለሚያቀርቡት ጠዋት ጠዋት አይናገሩም። እኔም ሥራውን የተማርኩት በአብዛኛው ከዝምታቸው ነው።

ከልማዳቸው ሦስቱን እስከ ዛሬ ይዣለሁ። መጀመሪያ፣ መደገፊያ የሚሠሩለትን ሰው ከግድግዳ ጋር አስጠግተው ያስቀምጡትና በወገቡና በግድግዳው መካከል ጭብጣቸውን ያስገባሉ። ጭብጡ በሙሉ ከገባ ከወገብ በኩል አንድ ጭብጥ ስፖንጅ ይጨመራል፤ ግማሹ ከገባ ግማሽ። ምክትል ሚኒስትር ሳይቀር እንዲህ ሲለኩ አይቻለሁ። ሁለተኛ፣ ስፖንጁን በጨርቅ ከመሸፈናቸው በፊት የሚፈትሹት በክርናቸው ነው። አንድ ቀን እኔ በመዳፌ ስጫን አይተው ሚስማራቸውን ከአፋቸው አወጡና «ሰው በመዳፉ አይደገፍም» አሉኝ፤ ሚስማሩን መለሱ።

ሦስተኛው ልማድ የግድግዳው ነው። የቂርቆስና የካዛንቺስ የድሮ ቤቶች ግድግዳ ሰው ያሳስታል። ብዙው እንጨትና ጭቃ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ግን ብሎኬት ይመስላል። ቋሚው እንጨት ያለበት ቦታ ላይ የተመታ ብሎን ይይዛል። በሁለት ቋሚ መካከል ባለው ጭቃ ላይ የተመታው ግን የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ስለዚህ አቶ ኪዳኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ሲኖር አስቀድመው በጣታቸው አንጓ ከዳር እስከ ዳር ያንኳኳሉ፣ ቋሚ ባገኙበት በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሜትር የሚያወጡት። እኔንም ያስንኳኩኝ ነበር።

«ምን አለህ?» ይሉኛል፤ ግድግዳውን ማለታቸው ነው።

«ድፍን ነው።»

«እርሱ ያለህን ነው የጠየቅሁህ፤ አንተ የምትፈልገውንማ አውቃለሁ። ድገም።»

እደግመዋለሁ። ብዙ ጊዜ ድፍን አልነበረም።

እርሳቸው ጡረታ ሲወጡ የክፍሉ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ገዛልን። በአንድ ሐሙስ የአስተዳደር መምሪያ ኃላፊው አቶ ጌታሁን አስጠሩኝ። የሚኖሩት ከመሥሪያ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ካዛንቺስ፣ በመንግሥት ቤት ነበር። እናታቸው እማማ አስካለ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረዋቸው ሊኖሩ ነው፤ ክፍላቸው እንዲያምር ተፈልጓል።

«ሆቴሎቹ ውስጥ እንዳለው፣ ግድግዳውን የሚሸፍን ይሁንልኝ» አሉኝ። «እሑድ ይገባሉ። ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«እናቴ ናቸው፣ መኮንን።»

«ይገባኛል፣ ጌታዬ።»

ራስጌው በወቅቱ ከእጄ ከወጡት ሥራዎች ሁሉ የተሻለ ነበር። ሁለት ሜትር የሚሆን ስፋት፣ የሞራሌ እንጨት ክፈፍ፣ ወፍራም ቺፑድ፣ በሃያ አራት ጨርቅ የለበሰ ቁልፍ የተወጠረ ቡናማ ከፋይ። ክብደቱም እንደ መልኩ ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአቶ ጌታሁን ሾፌር ጋር ይዘነው ሄድን። ሾፌሩ መኪናዋ ለስብሰባ ትፈለጋለች እያለ በሩ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ነው። አላንኳኳሁትም። መሰርሰሪያውን አስነሣሁና ገፋሁት። መጀመሪያ ግራጫ ዱቄት ወጣ፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ።

አየሁት። ይህን ሳላስተባብል መጻፍ እፈልጋለሁ። ብሎኬት እስከ መጨረሻው ግራጫ ነው የሚወጣው፤ ቡናማ ከሆነ ጭቃ ነው፤ ይህን የማያውቅ የሙያው ሰው የለም። ሾፌሩ ወደ መኪናዋ ተመልሶ ክላክስ አደረገ። ብሎን የሚይዘውን የፕላስቲክ ፊሸር ቀዳዳው ውስጥ መታሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ራስጌውን ሰቅዬ በሁለት እጄ ሳብ ሳብ አድርጌ ፈተንኩት። ያዘ።

የያዘው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። እማማ አስካለ ከምሳ በኋላ አልጋቸው ላይ ተደግፈው መቁጠሪያ ይዘው ሳለ ከነፊሸሩ ወጥቶ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ወደቀ። የትከሻቸው አጥንትና ክንዳቸው ተሰበረ። በዚያ ዕድሜ የተሰበረ አጥንት በወጉ አይገጥምም። ቀኝ እጃቸው ከዚያ በኋላ ወደ አፋቸው አልደረሰም። ሁለት ዓመት ያህል ሰው እያጎረሳቸው ኖሩ፤ ከዚያ አረፉ።

የአደጋውን ምክንያት የሚገልጽ የቴክኒክ ሪፖርት እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔው ነበርኩ። ጻፍኩት። «በግድግዳው ከፍተኛ እርጅና ምክንያት የተፈጠረ መላቀቅ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለው። ከእያንዳንዱ ቃል በስተጀርባ ልከራከርበት የምችለው ነገር ነበር፤ ግድግዳው በእርግጥ አሮጌ ነውና። አቶ ጌታሁን ራሳቸው ፈረሙበት። ፋይሉ ተዘጋ።

አቶ ኪዳኔ ወሬውን ሰምተው አንድ ቀን ወደ ክፍሉ መጡ። የሪፖርቱን ቅጂ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡና መለሱልኝ።

«ግድግዳው ምን አደረገህ?» አሉኝ።

ከመውጣታቸው በፊት ያልጨረስኩትን ሶፋ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ተመልሰው አልመጡም። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምኩ።

ሪፖርቱ እኔን አልጎዳኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዕድገት ወደ ንብረት አስተዳደር ተዛወርኩ፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ንጹሕ ነበር፤ ቆጠራ፣ ርክክብ፣ ውድቅ የሚደረግ ዕቃ ዝርዝር። በሥሬ ካለፈው ዕቃ፣ በመዝገብ ካለው አንድ ወንበር ጎድሎ አያውቅም። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው። መዶሻ ግን ደግሜ አላነሣሁም። ለጥሩወርቅም ያኔ የነገርኳት ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩትን ነው።

ያቺን ክፍል የያዘው ግቢም፣ የእማማ አስካለም ቤት ዛሬ የሉም። ካዛንቺስ ፈርሳ ስትሠራ ቦታቸው ሰፊ መንገድ ሆኗል። የእኛ ቤት ቂርቆስ ውስጥ በመሆኑ እስካሁን አልተነካም።

ጥሩወርቅ ለብዙ ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ልቧ የደከመው እኔ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጋደም ስትል ሳንባዋ ውኃ ያዘለ ይመስል ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካክሎ «ቁጭ እንዳሉ ይተኙ፤ ጀርባቸው በደንብ ይደገፍ» አለን። አልጋችን የብረት ነው፤ በራሱ በኩል ያለው ሦስት ዘንግ ብቻ ነው። ትራስ ደረደርንላት። ትራስ ይሸሻል። ዓይኗ እንደተከደነ ወደ ታች ትንሸራተትና እየታፈነች ትነቃለች። ሦስት ሳምንት በሙሉ ከአንድ ሰዓት በላይ በተከታታይ አልተኛችም። ከንፈሯ ጠቆረ። ለቤቱ ሁሉ ሳቅ የምታዋጣ ሴት መናገር ትታ በጣቷ መጠቆም ጀመረች።

«ራስጌ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

ልጃችን ሰላም ስልኳን አውጥታ ነበር። «አባዬ፣ በቃ ዝግጁ አለ እኮ። ማለቴ፣ ዛሬ ብናዝዝ ነገ ያመጡልናል። አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ እንጨት ልትቆርጥ ነው?»

ፎቶግራፎቹን አየሁ። የሚያምሩ ናቸው። ሁሉም ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ያላቸው፣ በቁልፍ የተወጠሩ፣ ለዓይን የተሠሩ ነበሩ። ተደግፎ ለሚያድር ሰው ቁልፍ አከርካሪ ላይ እንዳለ ጠጠር ነው።

ሥራውን በረንዳው ላይ ጀመርኩ። ክፈፉን በሞራሌ ገጠምኩ፤ ጀርባውን ቀለል እንዲል በኮምፔንሳቶ ዘጋሁት። ጥሩወርቅን ከግድግዳ ጋር አስጠግቼ አስቀመጥኩና ከወገቧ ኋላ ጭብጤን አስገባሁ። በሙሉ ገባ፤ ቦታም ተረፈው። ምን ያህል እንደከሳች ያወቅሁት በዚያ ነው። ስፖንጁን የቆረጥኩት በዳቦ ቢላዋ ነበር።

«ቢላዬን!» አለች ከውስጥ። በሳምንቱ ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«አጥቤ እመልሳለሁ።»

«አዲስ ትገዛለህ እንጂ በዚያማ አልበላም።»

ከወገብ በኩል አንድ ጭብጥ ተኩል፣ ከትከሻ በኩል ሁለት ጣት አደረግሁት። ወደ ጎን እንዳታዘነብል ግራና ቀኙን እንደ ክንፍ ወደ ፊት አወጣሁት። ላዩን በአቡጀዴ ወጥሬ በክርኔ ፈተሽኩት፤ የግራው በኩል ስለላላ ፈታሁትና እንደገና ወጠርኩት። ሰላም የሦስት ዓይነት ከፋይ ናሙና አመጣች። እናቷ ቀዩን ገፋ አደረገችው። «ይሄ ሆቴል ያስመስለኛል። ግራጫው ይሁን፤ ዕድሜዬን ይመስላል» አለች።

ከዚያ ግድግዳውን አንኳኳሁ። የእኛም የእንጨትና የጭቃ ነው። ከአልጋው ራስ በኩል ሦስት ቋሚ አገኘሁ። አንዱ ሲንኳኳ የባዶ ድምፅ አለው፤ ምስጥ በልቶታል። ተውኩት። ሁለቱ ጤነኛ ናቸው። እነርሱን ከውስጥ እስከ ውጭ በስቼ ረዣዥም ብሎን አሳለፍኩ፤ ከውጭ በኩል ላሜራ አስደግፌ ዳዶውን ካጠበቅሁ በኋላ የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። እንዲህ የታሰረ ነገር ግድግዳውን ራሱን ይዞ ካልሄደ በቀር አይወድቅም። ተንጠልጥዬበት አየሁ። ሰላም ሳቀች፤ ከዚያ እርሷም ተንጠለጠለች።

ጥሩወርቅ ግን አልደገፍም አለች።

አልጋው ላይ አስቀመጥናት። ጀርባዋን ከራስጌው አርቃ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እያቃሰተች ተቀመጠች።

«ትንሽ ወደ ኋላ በይ» አልኳት።

«አልፈልግም።»

«ምን ሆነሻል? ለስላሳ ነው፤ ንኪው።»

«ለስላሳነቱን አይደለም።» ትንፋሽ ሰበሰበች። «ያቺ የአለቃህ እናት ላይ የወደቀው ግድግዳው አርጅቶ ነው ብለኸኝ ነበር። የእኛም አርጅቷል።»

ሰላምን ወደ ሱቅ ላክኋት። የምታመጣው ነገር አልነበረም፤ ብርቱካን አልኳት። ስትወጣ ከአልጋው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ማሳመኛ ልፈልግ እችል ነበር። ስለ ብሎኑ፣ ስለ ላሜራው ላስረዳት እችል ነበር፤ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ሚስቴ እንቅልፍ አጥታ እየሞተች፣ የሚያሳርፋት ነገር ከጀርባዋ አንድ ስንዝር ርቆ ቆሞ፣ በመካከሉ ያለው እኔ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

«ግድግዳው አይደለም» አልኳት።

«ምኑ?»

«ያኔ። አላንኳኳሁትም። ጭቃ እንደሆነም ስሰረስር አይቻለሁ። እያየሁ ሰቀልኩት፤ ከዚያ ግድግዳው አረጀ ብዬ ጻፍኩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አስተማሪ ነበረች፤ አስተያየቷን አውቀዋለሁ።

«እኔንም?»

«አንቺንም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት በዚያ በአለቃህ በር ባለፍን ቁጥር ‹ይሄ አሮጌ ቤት› እያልኩ ግድግዳ ስረግም ዝም ብለህ ትሰማለህ?»

«አዎ።»

«ለልጃቸውስ ነግረሃል?»

«ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አሁን የት እንዳሉ…»

«መኮንን። በየበዓሉ እየደወልክ እንኳን አደረሰዎ ትላቸዋለህ። እዚህ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።»

ወለሉን አየሁ።

«ትነግራቸዋለህ» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ቀጥላ፣ «የዛሬውንስ አንኳኩተሃል?»

«አንኳኩቻለሁ።»

«እስቲ ልስማው።»

ተነሥቼ ከራስጌው ግራ ጀመርኩ። በጣቴ አንጓ በጭቃው ላይ መታሁ፤ ቀጥዬ በቋሚው ላይ። ልዩነቱን እስክትለይ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩላት። ምስጥ የበላውንም አሰማኋት። «ይሄኛው ባዶ ነው» አለች ራሷ። «አዎ፤ እርሱን አልነካሁትም» አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ ወገቧን አስጠጋች፣ ቀጥሎ ትከሻዋን፣ በመጨረሻ ራሷን። ሰላም ብርቱካኑን ይዛ ስትመለስ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ከቀኑ አምስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተኛች። እኔ በርጩማው ላይ ነበርኩ።

በዚያ ራስጌ ስምንት ሳምንት ኖረች። ፈውስ አልነበረም፤ ሐኪሙም ይሆናል አላለንም። የሰጣት እንቅልፍ ነው። ከእንቅልፉም ጋር ንግግሯና ቀልዷ ለጥቂት ጊዜ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ «ደወልክ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም ጊዜ «እደውላለሁ» አልኳት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰላም ሻይ ልትሰጣት ስትገባ ተደግፋ እንዳለች አገኘቻት። ወደ ጎን አላዘነበለችም፤ ክንፎቹ ይዘዋታል።

የዕድራችን ሰዎች መጥተው ለለቅሶ ቤቱን ባዶ አደረጉት። አልጋው ወደ ጎረቤት ሄደ። ዳኛው አቶ ሽፈራው ራስጌውን በእጃቸው ገፋ ገፋ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄንንም እናንሣልህ፤ በኋላ እንመልስልሃለን።»

«አይነቀልም።»

«ግድ የለም፣ በጥንቃቄ ነው የምናነሣው።»

«አቶ ሽፈራው፣ ብሎኑን ከውጭ ቀጥቅጬዋለሁ። ልንቀለው ብልም አልችልም።»

ተዉት። ለለቅሶተኛ የሚዘረጋው ፍራሽ ከሥሩ ተነጠፈ። ራስጌው የተሠራው ለአልጋ ከፍታ ስለሆነ መሬት ለተቀመጠ ሰው ከራስ በላይ ነው፤ ማንም አልተደገፈውም።

ከቀብር በኋላ ባለው ቀን ከሰዓት አቶ ጌታሁን ከዘራ ይዘው መጡ። ሰላም ናት የደወለችላቸው፤ ስልኬ ላይ ያለውን ስም ሁሉ ጠርታለች። ቀስ ብለው ከጎኔ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ስለ ጥሩወርቅ ጥሩ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ።

«የእጅህ ሥራ ነው?»

«አዎ።»

ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ ከሥሩ ለመውጣት ያህል። በዚያች ጊዜ ተናገርኩ። ቃሉን አላሳመርኩትም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«አቶ ጌታሁን፣ የእማማ አስካለ ግድግዳ አላረጀም ነበር። ጭቃ መሆኑን እያየሁ ነው የሰቀልኩት። ሪፖርቱ ውሸት ነው።»

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊታቸው አልተለወጠም። ሰላም ንፍሮ በሰሐን አቀረበችላቸው፤ ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«የማጎርሳቸው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ሁለት ዓመት። ሠራተኛዋ ስትሰጣቸው አይበሉም ነበር።»

እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል ልል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን መነሣት ጀምረዋል። ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው በራሳቸው ተነሡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አድርገው ዞሩና ከመጣው ሰው ሁሉ የሰማሁትን አሉኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ።»

በሰልስቱ አልመጡም።